ከፏፏቴው ሥር የቆመችው

በሚልክያስ ፎቶዎች ውስጥ ኢየሩሳሌም የጣት ጥፍር ነው የምታህለው። ፊቷ አይታይም። «ፏፏቴ ብቻውን ከተነሳ ቁመቱ አይታወቅም፤ ሰው ይፈልጋል» ይላታል። አጆራ ፏፏቴ ሲወርዱም ሆነ ዳሞታ ተራራ ሲወጡ እሷን ራቅ አድርጎ ያቆማትና ወደ ካሜራው ይመለሳል።

የተዋወቁት ሶዶ ነው፤ እሷ በምትሠራበት ፎቶ ቤት። ፎቶ ገና በፊልም የሚነሳበት የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። አንድ ፊልም ለመግዛት ይመጣና ወሬውን ሲያስረዝም ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

«ሁልጊዜ እኔን ብቻ ለምን ታቆማለህ?» አለችው አንድ ቀን፣ አጆራ ላይ፣ ቀሚሷ በውሃው ፍንጣሪ ርሶ።

«ሌላ ሰው ሳቆም የፏፏቴውን ቁመት ነው የማየው።»

«እኔን ስታቆምስ?»

«ምን ያህል እንደራቅሽኝ።»

 ወደ ውሃው ዞራ ፈገግታዋን ደበቀች።

ብዙም ሳይቆይ ናይሮቢ ያለ አንድ የጉዞ ድርጅት የተፈጥሮ ፎቶ እንዲያነሳለት ቀጠረው። ከዚያ የሚልክላት ፎቶ ሁሉ ተራራ፣ ባሕርና ሜዳ ነው። የሌሎች ሴቶች ፍቅረኛ የራሱን ፎቶ ይልካል፤ የእሷ ዝሆን ይልካል! እሷ ግን ማጉያ መነጽሯን ይዛ ጥግ ጥጉን ትፈትሻለች። የቆመ ሰው የለም። «ቦታዬ ክፍት ነው» ትላለች ለራሷ፤ ናፍቆቱም ለዚያን ቀን ቀለል ይላታል።

በሁለተኛው ዓመት ካሌንደር ላከላት። ስትገልጠው አንድ የኬንያ ፏፏቴ አየች፤ ከሥሩ ብጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ቆማለች። የጣት ጥፍር ታህላለች። ሌላ ሰው ቢያየው ልብ አይለውም ነበር። እዚያ ቦታ ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ የምታውቀው ግን እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ለሚልክያስ ደብዳቤ አልመለሰችም።

በዴሳ ከተማ የሚያስተምር ቤኒ የሚባል ወጣት ሽማግሌ ሲልክ እናቷ፣ «ልጄ፣ እስከ መቼ ፎቶ ትጠብቂያለሽ? ሰው አግቢ እንጂ!» አሏት። ቤኒ ጥሩ ሰው ነው። እሺ አለች።

በቤተ ክርስቲያናቸው ደንብ የተጋቢዎች ስም ሦስት እሑድ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ተቃውሞ ያለውም እጁን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ሁለቱ እሑድ ያለ ኮሽታ አለፉ። በሦስተኛው ዋዜማ ሚልክያስ የአውቶቡስ አቧራ እንደለበሰ ፎቶ ቤት ገባ።

«መልስሽን ባጣ ጊዜ መጣሁ።»

«ባለ ብጫ ሻሿ ደህና ናት?»

ማንን እንደምትል እስኪገባው ቆየ። «ሻይ ለቃሚዋን ነው? ድርጅቱ ሰው ይግባበት ብሎኝ እኮ ነው! በዚያ ሲያልፉ የነበሩ እናት ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። እየሩስ፣ በዚህ ነው ዝም ያልሽኝ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስሜ ተነቧል» አለች። «ነገ የመጨረሻው ነው።»

 «እኔ ብቃወም ሰው በአንቺ ላይ ነው የሚያወራው» አለ ሚልክያስ። «እመጣለሁ፤ ግን እጄን አላወጣም።»

በማግስቱ ፓስተር ባዳቾ ስማቸውን አነበቡና፣ «ተቃውሞ ያለው አሁን ይናገር» አሉ። ኢየሩሳሌም ዞር ብላ አየች። ሚልክያስ የኋላው ወንበር ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ አቀርቅሯል። በጨዋነቱ ተናደደች። አጠገቧ አዲስ ሱፍ የለበሰውን ቤኒን አየችው፤ አሳዘናት። ዕድሜ ልኩን ሲያሳዝናት ሊኖር መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አሳዘናት።

ፓስተሩ ወረቀቱን ሊያጥፉ ሲሉ ከፊተኛው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሙሽራዋ እኮ አንቺ ነሽ!»

«አዎ» አለች፣ እጇን ሳታወርድ። «ለዚህ ነው የምቃወመው።»