የወለተ ሥላሴ ቤትና ቀያሹ

«እጅህን ከግድግዳው ላይ አንሳ!»

ያምሮት ከጓዳ ስትወጣ አንድ ወጣት በሆቴላቸው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ሲያሰምር ደረሰች።

«ቀያሽ ነኝ፤ ክንዱ እባላለሁ። አዲሱ መንገድ በዚህ ያልፋል... በረንዳው ይፈርሳል፣ እህቴ።»

«እህትህ አይደለሁም!»

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ያን ቤት እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ናቸው የሠሩት። ደርግ በወደቀ ዓመት ባላቸው ከጦር ሜዳ ሳይመለሱ ቀሩ። ሴትዮዋ እንጨቱን በጀርባቸው አዝለው፣ ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው ቤቱን አቆሙት። በጠላ ተጀምሮ ቢራ ቤት ሆነ፤ ኋላ አራት መኝታ ክፍል ተጨመረበት። ክረምት መንገዱን ሲቆርጠው ስንቱ ሾፌር አድሮበታል!

ክንዱም ማደሪያ ያገኘው እዚያው ነው። ያምሮት ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ እያጋጨች ታቀርብለታለች። እሱ ግን አንድም ቀን ክፉ አልመለሰላትም።

«በረንዳችሁ እንዲተርፍ ለአለቆቼ ጽፌያለሁ» አላት አንድ ቀን።

ልቧ የተረታው ያኔ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሳቋ ከቤት እስከ መንገድ ተሰማ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የአንድ ባለሀብት መጋዘን እንዳይነካ መስመሩ ታጥፏል፤ አሁን የሚፈርሰው የእነሱ ቤት በሙሉ ነው! «ቀያሹ ነው ያጠፈው» አሏት ጎረቤቶች። አልጠየቀችውም። ሻንጣውን አቧራው ላይ ወረወረችው።

«ያምሮት፣ ስሚኝ...»

«የእናቴን እንጀራ እየበላህ! ጥፋ ከፊቴ!»

ሄደ። በወሩ ዶዘር መጣ። ግድግዳው ሲናድ እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ያምሮት ግን ድንጋይ እያነሳች ዶዘሩን ደበደበችው።

ቤቱ በፈረሰ በሦስተኛው ሳምንት ክንዱ አካፋ ይዞ ተመልሶ ከፍርስራሹ ኋላ ቆመ። የስንብት ደብዳቤውን ሰጣት። አዲሱን መስመር አልፈርምም በማለቱ ከሥራ ተባሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መች አስነገርሽኝ!»

«ታዲያ አሁን ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ከመንገዱ በተረፈችው ቦታ ቤታችንን ልንሠራ።»

በአለቆቹ ተናደደች፤ በእሱ ተናደደች፤ ከሁሉም በላይ በራሷ። ደረቱን በጡጫ መታችው። ደግማ መታችው። ሦስተኛው ላይ እጇ እዚያው ቀረ... አለቀሰች።

በጥር፣ ቆርቆሮው ገና ባላለቀው በአዲሱ ቤታቸው አዳራሽ ሊደገስላቸው፣ ለጋብቻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተነሡ። ሚዜዎቿ በአዲሱ አስፋልት እንሂድ አሏት።

«እሱን አልረግጠውም!»

ብላ በታጨደው ማሳ ዞረች። ክንዱም የቀሚሷን ጫፍ ይዞላት አብሯት ዞረ።