በመሃል ያለ ደም

ዓይናለምና ፋሲል የተዋወቁት ደብረ ታቦር፣ አብረው በወሰዱት አንድ ኮርስ ላይ ነው። እሷ ሥነ ልቦና፣ እሱ የሰላምና ግጭት ጥናት ይማሩ ነበር። ገና ስታየው ዓይኑን ይሰብራል፤ እሷም ያን ዓይን አፋርነቱን ወደደችለት።

አንድ ቀን ፋሲል ስለ ደም መመላለስ ያጠናውን በተማሪዎች ፊት ቆሞ አቀረበ። ለምሳሌ ያነሳው የገዛ ቤተሰቡን ነበር። ፋሲል ልጅ ሳለ፣ ጉና ተራራ ሥር፣ በእርሻ ድንበር ጠብ፣ ካሳሁን የሚባል አጎቱ ይሻው የተባለ ጎረቤቱን ገደለ። ቤተሰቡም ወደ ሐሙሲት ሸሸ።

ዓይናለም ስሙን አወቀችው። ይሻው እስኪገደል ድረስ ያሳደጋት የእናቷ ወንድም ነው። ልጁ ደረጄ ደግሞ ከገዳዩ ቤት ያገኘውን ወንድ ሊጥል ምሏል።

ከዚያ ወዲያ ፋሲልን ሸሸችው። በገበያ ቀን መናኸሪያው አጠገብ አገኛት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ይሻው አጎቴ ነው።» ዙሪያዋን ቃኘች። «ልጁ ደረጄ ካወቀህ ይገድልሃል። ከዚህ አገር ጥፋልኝ፣ እባክህ!»

«ዓይኔ!» አለ ከኋላዋ የምታውቀው ድምፅ።

ደረጄ ነው፤ ድንች ሊሸጥ ወርዷል። ከጋቢው ሥር ትከሻው ላይ ጠመንጃ የሚመስል ነገር አብጧል።

«ማነው ይሄ?»

ስለ ፍርሃት የተማረችው ሁሉ ጠፋባት። ፋሲልን እንዲዋሽ በዓይኗ ለመነችው።

«ፋሲል እባላለሁ። የካሳሁን የወንድም ልጅ ነኝ» አለ።

የደረጄ እጅ ወደ ጋቢው ገባ። ዓይናለም እንዴት መሃላቸው እንደቆመች አታውቅም።

«መጀመሪያ እኔን!»

«አንቺ? ከዚያ ቤት ሰው ጋር?»

«ያኔ እሱም ልጅ ነበር፤ አንተም።»

ደረጄ አፈጠጠባት። ቁጣ ብቻ በመሰላት ፊቱ ላይ የራሷን ፍርሃት አየች።

«ዝም ብል እናቴን ምን እላታለሁ? አገሩስ ምን ይለኛል?»

«አክስቴን እኔ አናግራታለሁ። ብቻህን አትሆንም።»

ደረጄ ባዶ እጁን ከጋቢው አወጣ።

«ሽማግሌ ላኩ» አለው ፋሲልን ሳያየው። «ስለ ደሙ።» ትንሽ ራቅ ብሎ ዞረ። «ስለ እሷ ሌላ ጊዜ ትልካላችሁ።»

እርቁ ሁለት ክረምት ፈጀ። በሠርጋቸው ዕለት ደረጄ ፋሲልን አቅፎ ሳመው። ዓይናለም እስኪለቀው ድረስ አልተነፈሰችም።