ነጭና ሰማያዊው ዓሣ

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍሌ ስወጣ የሄስተር ዓሣ ሰማያዊ ነበር። ነቅታለች ማለት ነው። የኢሊያሳ ጋሪም በሯ ላይ ቆሞ ነበር።» ይህን ያለችው ሙሪየል ክሮውዘር ናት።

«ከምሳ በኋላ በዚያ በር ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ዓሣው ነጭ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሳንኳኳም ነጭ ነበር። ከዚያ በፊት ወደ ክፍሉ አልገባሁም።» ይህን ያለው ደግሞ የክፍል አስተናጋጁ ኢሊያሳ ነው።

የመርከቡ የጥበቃ ኃላፊ ሃርግሬቭ ቃላቸው የተጻፈባቸውን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ወደ ፍሬዳ ማክላሪ ገፋቸው።

«አንዳቸው ይዋሻል» አላት። «ማን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው። ግን ካፒቴኑ እርስዎም እንዲያዩት ፈልጓል።»

ፍሬዳ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በብሪዝበን ፖሊስ በመርማሪነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ቤላሪን በተባለችው መርከብ የተሳፈረችው ግን ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጸጥ ስላለባት ነበር። ሰባ ቀን ባሕር ላይ መክረም ያንን ጸጥታ የሚሰብርላት መስሏት ነበር። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ጸጥታው ከልብሷ ጋር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አብሯት እንደመጣ ገብቷታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻዋን በላች። በአራተኛው ቀን ሄስተር ላምስደን የተባለች የሰማንያ ዓመት ሴት አጠገቧ ቆማ፣ «ያንን ሁሉ ድንች ብቻሽን የምትጨርሺው ከሆነ እሺ፤ አለዚያ ወደ እኛ ጠረጴዛ ይዘሽው ነይ» አለቻት። ፍሬዳም ሳህኗን ይዛ ተከተለቻት።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ብቻቸውን የሚጓዙ ነበሩ። ሄስተርና ሙሪየል ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አብረው ተሳፍረዋል፤ ክፍሎቻቸውም በአንድ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ናቸው። አራተኛው ክላይቭ ተርተን የተባለ ጡረተኛ አናጺ ነው። ለእያንዳንዳቸው በር የሚንጠለጠል የእንጨት ዓሣ ቀርጾላቸዋል፤ አንዱ ጎኑ ሰማያዊ፣ ሌላው ነጭ። ሰማያዊ ማለት ነቅቻለሁ ግቡ፣ ነጭ ማለት አርፌያለሁ ነው። ነጩ ከልክ በላይ ከቆየ ጓደኛ ያንኳኳል። ሄስተር የምትፈራው ሞቶ ሁለት ቀን ሳይታወቅ መቆየትን ነበር።

ዛሬ ግን ፍርሃቷ አልደረሰባትም። ከምሳ በኋላ ልትተኛ ገብታ፣ አሥር ሰዓት ላይ እንዲቀሰቅሳት የነገረችው ኢሊያሳ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ሞታ አገኛት።

«የልብ ሕመምተኛ ናት» አለ ሃርግሬቭ። «ሕመሙ ሲነሳባት ከምላሷ ስር የምታደርገው ክኒን አላት። ጠርሙሱን ያገኘነው በኢሊያሳ ጋሪ ላይ ባለው የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ነው። ክፍሉን ሲያጸዳ አብሮ ጠርጎታል። ስትፈልገው አጣችው። እሱ ደግሞ አልገባሁም ብሎ ይዋሻል። ዓሣውን እኔ ራሴ ስደርስ አይቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው።»

«ከረጢቱ ውስጥ ሌላ ምን ነበር?»

«ምንም። ጠርሙሱ ብቻ።»

ፍሬዳ ክፍሉን አየችው። ሄስተር አንድ እግሯ ግራጫ የሱፍ ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ባዶውን ነው። ጫማውን ራሷ ነበረች የሠራችው፤ ለጠረጴዛው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሠርታላቸዋለች። በአልጋው ራስጌ ያለው ትንሽ ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ተበላሽቷል» አለ ሃርግሬቭ።

«አልተበላሸም። ወደፊት የሚያዞርለት ሰው ነው ያጣው።»

ሐኪሙ ከምሳ በኋላ ሞታለች ከማለት አላለፈም።

ኢሊያሳ አንሶላ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በር ላይ ጠባቂ ቆሞበት ተቀምጧል። አርባ ዓመት የሆነው ትልቅ ሰው ነው፤ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ጨብጧቸዋል።

«እትዬ ፍሬዳ፣ ነገ ጠዋት ሱቫ ነን» አላት። «አገሬ። እናቴ አራቱን ሴቶች ልጆቼን ይዛ ወደቡ ላይ ትቆማለች። ትንሿ ስወርድ አንገቴ ላይ ነው የምትጠመጠመው። ነገ በፖሊስ ተይዤ ነው የምታየኝ።»

«እሱን ነገ እናያለን። የቆሻሻውን ከረጢት መቼ ቀየርክ?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ። ማቃጠያው የሚከፈተው በዚያ ሰዓት ነው። የጠዋቱን ሁሉ ወስጄ ጥዬ አዲስ አደረግሁ።»

«ሬሳውን ስታገኝስ?»

«በሩን ከፍቼ ትቼ ወደ ስልኩ ሮጥኩ። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ጋሪዬ እዚያው በሯ ላይ ቀረ። ስመለስ እትዬ ሙሪየል ቆማ ነበር። ታለቅስ ነበር።»

«ሌላ ያየኸው ነገር የለም? ትንሽም ቢሆን።»

ግንባሩን አሻሸ። «ጫማ። አንድ ነጠላ ጫማ መሬት ላይ አግኝቻለሁ፤ እትዬ ሙሪየል በር ስር። የሷ መሰለኝ። ስትመጣ እሰጣታለሁ ብዬ ጋሪው የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።»

«መቼ?»

«ሰዓቱ እንደተቀየረ።»

ፍሬዳ ጫማውን ከጋሪው ላይ አነሳችው። ግራጫ ነው።

ክላይቭ ከኋለኛው ወለል ላይ፣ መርከቡ ባሕሩ ላይ የሚተወውን ነጭ መንገድ እያየ ቆሟል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ንፋሱ ነው» አላት ሳትጠይቀው።

«አውቃለሁ። ክላይቭ፣ የሄስተርን ክኒን ማን ነበር የሚይዝላት?»

«ሙሪየል ናታ፣ በቦርሳዋ። ሄስተር ቦርሳ መያዝ ሞቷ ነው። 'አንድ ጤነኛ ትከሻ ለሁለት አሮጊት ይበቃል' ትል ነበር። ከዚያ ክፍሏ በር ላይ ሲለያዩ ጠርሙሱን ትቀበላታለች።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ምሳ ላይ አንቺም ነበርሽ። ሄስተር ነገ ሱቫ ላይ ወርጄ ወደ አገሬ እመለሳለሁ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ልኖር ነው ስትል የሙሪየልን ፊት አላየሽም? ሾርባዋ ላይ ማንኪያዋን ጥላ ተነሳች። ሄስተር ሮጣ ተከተለቻት። ሰማንያ ዓመት ሆኗት ሮጠች ስልሽ!»

ፍሬዳ ታስታውሳለች። ሙሪየል ስትነሳ ቦርሳዋን በብብቷ ጨብጣው ነበር።

የሙሪየል በር ላይ ያለው ዓሣ ነጭ ቢሆንም ፍሬዳ አንኳኳች።

«ግቢ» አለች ሙሪየል። «አልተኛሁም። ሰው እንዳይመጣ ብዬ አዞርኩት፤ ከዚያ ደግሞ ማንም ባይመጣ ከፋኝ።»

በመስኮቱ ስር ሁለት ወንበሮች ተጠጋግተው ቆመዋል። በአንደኛው ላይ ያላለቀ የሱፍ ሥራ አለ፤ የሄስተር ነው።

«ስምንት ተኩል መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሰዓቴን አይቼ ነዋ። ሁሌም ስምንት ተኩል ላይ ነው ለንፋስ የምወጣው፤ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል።»

«ሰዓትሽ ትክክል ነው?»

ሙሪየል እጇን ዘረጋች። ከግድግዳው ሰዓት ጋር በደቂቃ አይለያይም። «ባሌ የሰጠኝ ነው። አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም» አለች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኢሊያሳን ምን ያደርጉታል?»

«ነገ ለፖሊስ ይሰጡታል። እናቱና ልጆቹ ወደቡ ላይ ቆመው ያያሉ።»

ሙሪየል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፍሬዳ ስትወጣ በመተላለፊያው መሀል ቆመች። በግራዋ የሄስተር በር፣ በቀኟ የሙሪየል። አራት እርምጃ አይሞላም። የምታውቀውን ከተናገረች ያ ጠረጴዛ ያከትምለታል፤ ከነገ ጀምሮ ድንቿን ብቻዋን ነው የምትበላው። ካልተናገረች ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ የምትጠመጠምበት አንገት ታጣለች። ሃርግሬቭን ልትጠራ ሄደች።

ከእራት በፊት ሁሉም በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። አስተናጋጆቹ ሳያውቁ የሄስተርንም ሳህን አስቀምጠዋል፤ ማንም አላነሳውም። ኢሊያሳ «ተቀመጥ» ቢባልም ቆሞ ቀረ።

ፍሬዳ ግራጫውን ጫማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ከከረጢቱ ልጀምር» አለች። «ኢሊያሳ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከረጢቱን ቀይሯል። ክፍሉን ሲያጸዳ ጠርሙሱን ጠርጎት ቢሆን ኖሮ ከጠዋቱ ቆሻሻ ጋር ተቃጥሎ ነበር። የተገኘው ግን አዲስ ከረጢት ውስጥ፣ ብቻውን ነው። ስለዚህ ከዘጠኝ ተኩል በኋላ የተጣለ ነው።»

«ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ገብቶ ሊሆን ይችላል» አለ ሃርግሬቭ።

«ጥሩ። እንግዲያው ጫማው። ሰዓቱ እንደተቀየረ ኢሊያሳ ከሙሪየል በር ስር አገኘው። የሙሪየል ጥንድ እግሯ ላይ ነው፤ የኔና የክላይቭም አልጎደለም። የጎደለው የሄስተር ነው። አንዲት የታመመች ሴት ከአልጋዋ ተነስታ መተላለፊያውን ተሻገረች፤ ስትመለስ የወለቀውን ጫማ ጎንበስ ብላ ለማንሳት አቅም አልነበራትም። ክኒኑ ራስጌዋ ቢሆን ኖሮ እጇን ትዘረጋ ነበር እንጂ ለምን ትሻገራለች? የሄደችው ክኒኑ ወዳለበት ነው።»

ክላይቭ ቀስ ብሎ ወደ ሙሪየል ዞረ። ሙሪየል የወርቅ ሰዓቷን በሌላ እጇ ሸፍናዋለች።

«እኔ እኮ ዓሣውን አይቻለሁ» አለች። «ስምንት ተኩል ላይ። ሰማያዊ ነበር።»

«ሙሪየል» አለች ፍሬዳ፤ ድምጿ ደከመ። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ሲሆን በድምጽ ማጉያው ምን ተባለ?»

ኢሊያሳ ከቆመበት፣ «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል ተባለ» አለ። «ወደ ምሥራቅ ስለምንሄድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ዘለለ።»

«ዘለለ። ስለዚህ በዚህ መርከብ ላይ ዛሬ ስምንት ተኩል አልነበረም። ከስምንት ቀጥሎ የመጣው ዘጠኝ ነው።»

«ሰዓቴን ሳላስተካክል አይቼ ይሆናል» አለች ሙሪየል ፈጥና።

«ቢሆንማ፣ ያንቺ ስምንት ተኩል የመርከቡ ዘጠኝ ተኩል ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከኔ ጋር ሻይ ቤት ነበርሽ። ለእኔ የቀዳሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ጠረጴዛው ላይም ፈሰሰብሽ። የተነሳሽው ለአሥር አምስት ጉዳይ ነው። በየትኛውም ሰዓት ብንቆጥረው ያንን ዓሣ አላየሽም። ለውሸትሽ ሰዓት ስትፈልጊ በየቀኑ የምትወጪበት ሰዓት አፍሽ ላይ መጣልሽ።»

ሃርግሬቭ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ወደ ክፍልሽ ስትመለሺ የሄስተር በር ክፍት ነበር» ቀጠለች ፍሬዳ። «ኢሊያሳ ስልክ ጋ ነው። ጋሪው ቆሟል። ጠርሙሱ ቦርሳሽ ውስጥ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ጣልሽው። ነገር ግን ዓሣው ነጭ ከሆነ አስተናጋጅ ለጽዳት አይገባም፤ ስለዚህ ዓሣውንም ወደ ሰማያዊ አዞርሽው።»

ሙሪየል ስትናገር ድምጿ ጥርት ያለ ነበር።

«አንኳኳች» አለች። «ሦስት ጊዜ። ስሜን አልጠራችም። ይቅርታ ልትጠይቀኝ የመጣች መሰለኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ 'እስከ ሻይ ትጠብቅ፣ ብቻን መቅረት ምን እንደሚመስል ትቅመሰው' አልኩ። የእግሯን ድምፅ ሰማሁ፤ ሄደች። ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ መሆኑን ያስታወስኩት ሬሳዋን ሳይ ነው። በእናቴ ነፍስ፣ ያን ጊዜ ነው።»

«አምንሻለሁ» አለች ፍሬዳ። «ለዚህ ሰው ስትይ ግን እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም ዕድል ነበረሽ፤ ከዚያም በኋላ።»

ሙሪየል ቀና ብላ ኢሊያሳን አየችው። እሱ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም።

ሃርግሬቭ ጉሮሮውን ጠረገ። «ካፒቴኑ ነገሩ በጸጥታ ቢያልቅ ይወዳል» አለ። «በር አለመክፈት የሚያስከስስ አይመስለኝም። 'በልብ ሕመም በተኛችበት ሞተች' ብዬ እጽፋለሁ። የኢሊያሳን ስም ከወረቀቱ አወጣለሁ፤ ነገ እንደ ማንም ሰው ይወርዳል። እርስዎም፣ ወይዘሮ ክሮውዘር፣ ጉዞዎን ይቀጥላሉ። ገና ሃምሳ ስምንት ቀን ይቀርዎታል። ማንም አያውቅም።»

«እኛ እናውቃለን» አለ ክላይቭ። «ግን እንችለዋለን። እኔ በበኩሌ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አለሁ፣ ሙሪየል።»

ፍሬዳም ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ይህን ማድረጓ ራሷን ገረማት። ከመስኮቱ ውጪ ባሕሩ መጥቆር ጀምሯል፤ በየትኛውም ወገን መሬት አይታይም።

ሙሪየል የሄስተርን ባዶ ሳህን ወደ ራሷ ሳበች፤ ግራጫውን ጫማ አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«የለም፣ አቶ ሃርግሬቭ፤ የሆነውን እንዳለ ይጻፉት፣ እፈርማለሁ» አለች። «ነገ ኢሊያሳ ይቅደም፣ እናቱ ትየው። ከዚያ እኔ ከሄስተር ጋር እወርዳለሁ፤ አገሯ ድረስ እሸኛታለሁ፣ በሬን እንዳልከፈትኩላትም ለእህቷ ልጅ ራሴ እነግራታለሁ።»