ለሳቅ ክብ፣ ለሳል ነጥብ

ሦስተኛዋ ሙሽራ የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ ከደረጃው አናት ላይ ስትቆም፣ ስድስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ አፉን እንኳን ሳይሸፍን አዛጋ።

ልጅቷ አየችው። ማየት ሥራዋ ነው። ከአዳራሹ ግራ ጥግ፣ ከመውጫው በር ቀይ መብራት ስር የምትታጠፍ ወንበር ተሰጥታታለች። ጉልበቷ ላይ ደብተር፣ እጇ ላይ እርሳስ። ተመልካቹ ሲስቅ ክብ ትሠራለች። ሲያጨበጭብ ጭረት። አብሮ ሲዘፍን የሚወዛወዝ መስመር። ሲያስል፣ ሲያዛጋ፣ ስልኩን ሲጎረጉር ነጥብ። ይህንን ዘዴ ያመጣው አዘጋጁ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ጨለማ ውስጥ ግን አይዋሽም ባይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት እሷ ትመዘግባለች፣ ሰኞ እሱ ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል። ነጥብ የበዛበት ዘፈን ይቆረጣል። ክብ የበዛበት ላይ «ጨምሩበት» ይላል። ከመድረክ አናጢው እስከ ትኬት ቆራጯ ድረስ፣ እሱ በሌለበት ሁሉም «ጨምሩበት» እያሉ ነው የሚጠሩት።

ቴአትሩ «ሦስት ሙሽሮች፣ አንድ ቬሎ» ይባላል። ታሪክ አለው ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር ይከብዳል። ወላጆች በጉብዝናቸው ወራት የጨፈሩባቸው ዘፈኖች እንደ እራፊ ጨርቅ ተቀጣጥለዋል፤ በየስፌቱ ላይ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ በጥፊ ይመታል፣ የአንዱ ዊግ ይወልቃል። ልብሱ ሁሉ ዓይን እስኪያጠፋ ያብለጨልጫል። በመጀመሪያው ወር ሰው በር ላይ ተጋፍቶ ነበር የሚገባው። ዛሬ ሃያ ሰባተኛ ጊዜው ነው። ልጅቷ የትኛው ቀልድ ላይ የትኛው ዓይነት ሰው እንደሚስቅ በቃሏ ታውቃለች፤ በመጀመሪያዋ ሙሽራ እናቶች ይስቃሉ፣ በሁለተኛዋ ሙሽራ እጮኛ ደግሞ ሚስቶቻቸውን የሚፈሩ ባሎች።

በሦስተኛዋ ማንም አይስቅም። ሦስተኛዋ ሙሽራ አባቷ ነው።

ከበሮው ተንደቀደቀ። አባቷ ወርቃማ ዊጉን ይዞ ሰባት ደረጃ ተንከባለለ። አንድ ሰው ሳለ። አባቷ ተነሳ፣ ሁለት ስንኝ ዘፈነ፣ ደረጃውን ወጣ፣ እንደገና ወደቀ። የስልክ መብራቶች እዚህም እዚያም በሩ። ልጅቷ ነጥብ አስቀመጠች። ከዚያ እርሳሷን በነጥቧ ዙሪያ አዞረችና ክብ አደረገቻት።

እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ሁለት ወር አለፋት። መጀመሪያ ሰሞን አባቷ ሲወድቅ ሰው በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሳቁ ቀጠነ፣ በአምስተኛው ጠፋ። በዚያን ቀን እንደ ደንቡ ነጥብ አስቀመጠች፤ ወዲያው ግን ካቻምና ትዝ አላት። ካቻምና አባቷ ከሌላ ቴአትር ሚናው ተቆርጦበት፣ ክረምቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ከርሟል። ድሮ ንጉሥ ሆኖ ሲሞት አዳራሽ ያስለቅስ የነበረ ሰው፣ ራት ሲቀርብ «ብሉ፣ እናንተ ብሉ» ይል ነበር፤ ለግድግዳው። ያንን ጀርባ ዳግመኛ ማየት አልፈለገችም። ነጥብ ደግሞ ክብ ለመሆን ብዙ አትቸገርም።

ችግሩ የመጣው ሰኞ ነው። አዘጋጁ ክቦቹን ቆጥሮ «ጨምሩበት» አለ። አንዱ መውደቅ ሁለት ሆነ። ደነገጠች፤ ግን በሳምንቱ ተመልሳ ነጥብ ብትሞላ ማን ያምናታል? ደግማ ከበበች። ሁለቱ ሦስት ሆነ፣ የሦስት ደረጃው መንከባለል የሰባት ደረጃ። አባቷ ራሱ እንዳያውቅ፣ ከበሮው ጆሮው ስር ነው የሚመታው፣ መብራቱም ዓይኑ ውስጥ። ስለ ተመልካቹ የሚያውቀው እሷ የነገረችውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ትዕይንቱ ሲያልቅ ወደ ልብስ ክፍል ሄደች። ልብስ ሰፊዋ፣ ሁሉም እትዬ መርፌ የሚሏት ሴትዮ፣ የአባቷን ቬሎ ጉልበቱ ላይ እየጣፈች ነው። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፋሻ ይፈታል። ጉልበቱ እንደ ሊጥ ተነፍቷል።

«ሰዎቹስ?» አላት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠይቃት።

«ፈነዱ» አለች።

«እንግዲያው ደህና።» ፋሻውን መልሶ ማሰር ጀመረ። ከዚያ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ደረጃው አሥራ አንድ እንደሚሆን ነገራቸው፤ መጨረሻው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ይቀመጣል፣ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። አዘጋጁ ሰኞ ደብተሩን አይቶ ለአናጢው ትእዛዙን ይሰጣል። እትዬ መርፌ ኬኩ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀች። ከእንጨት ነው አላት። ሰው ከወደደው ምን ይደረጋል ብሎ ፊቱን ሊታጠብ እያነከሰ ወጣ።

እትዬ መርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«አንቺ» አለቻት ቀና ሳትል። «ያ መቀስ ይታይሻል?»

ከአዳራሹ በሚለያቸው ስስ የጣውላ ግድግዳ ላይ፣ በምስማር የተንጠለጠለ ትልቅ መቀስ አለ።

«አዳራሹ ሲስቅ ይንቀጠቀጣል። ጭር ጭር ይላል፣ እንደ ክራር። እኔ ትዕይንቱን የማየው በሱ ነው። አባትሽ ሲወድቅ ከተንቀጠቀጠ ሁለት ወሩ።»

ልጅቷ ጉንጯ ጋለ። «መቀስ ምን ያውቃል» አለች።

«መቁረጥ ያውቃላ» አለች እትዬ መርፌ። ሌላ ክር መርፌዋ ውስጥ ማስገባት ጀመረች። ልጅቷን ይልቅ ብትሰድባት ይሻል ነበር።

እሁድ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እርሳሷ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። ለሰኞው የሒሳብ ፈተና የገዛችውን ሰማያዊ እስክሪብቶ ያዘች። ለምን እንደያዘችው ለራሷ እንኳን ገና አልነገረችም።

የመጀመሪያዋ ሙሽራ መጣች፤ እናቶች ሳቁ፤ ክብ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ አንዲት ሴትዮ በመሀረብ ዓይኗን እየጠረገች የባሏን ትከሻ ትደበድባለች። ባሏ ግን እንቅልፉን ነው፤ ጭብጨባ ሲሰማ ብቻ ነቅቶ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጭባል። አንድ የሚያዛጋ፣ አንድ የስልኩ ባትሪ ያለቀበት፣ አንዲት እጮኛዋን የተኮራረፈች። ድሮ እነዚህን ሰዎች ትወዳቸው ነበር። አሁን ትከሻዋ ላይ የተቀመጡ ያህል ይከብዷታል።

አባቷ ከደረጃው አናት ላይ ወጣ። ልጅቷ ሁልጊዜ መውደቁን እየፈራች ስለምትጠብቅ የመጀመሪያውን ስንኝ ሰምታው አታውቅም። ዛሬ ሰማችው። ከበሮው ገና ዝም ነው፤ አባቷ በዚያ ንጉሥ በነበረበት ድምፁ አሮጌውን የፍቅር ዘፈን በቀስታ ይጀምራል። ከኋላዋ አንድ ነገር ጎረነነ። ዞረች። የመጨረሻው ሁለት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፣ አፋቸውን በደንብ ሳይከፍቱ፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚዘፍን መስሎት፣ አብረውት ይዘፍናሉ። የሚወዛወዘውን መስመር ከሠራች ስንት ጊዜዋ ነው? እጇ ረስቶት ሁለቴ አበላሸችው።

ከዚያ ከበሮው መጣ። አባቷ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወጣ፣ ወደቀ። ዘፈኑ ከኋላ ረድፍ ተሰብስቦ ጠፋ። ሁለተኛው መውደቅ ላይ ቶሎ አልተነሳም። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ በአንድ እግሩ፣ እንደ ምንም ቀና ሲል ከበሮ መቺው ጠበቀው። በዚያች ጸጥታ ውስጥ፣ ሁለተኛ ረድፍ ላይ እናቷ ጭን ላይ የተቀመጠች ሕፃን ተናገረች።

«እማዬ፣ ሙሽራዋ ደክሟታል። ለምን ቁጭ በይ አይሏትም?»

ማንም አልሳቀም። የሕፃኗ እናት እሽሽ አለቻት። አባቷ ወዲያ ወዲህ አላለም፤ ዊጉን አስተካክሎ ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ ሰባቱንም።

ልጅቷ ነጥብ አደረገች። ሌላ ነጥብ። ሌላ። ሕፃኗ ያለችውንም እንዳለችው ጻፈችው፤ ለእሱ የሚሆን ምልክት ደብተሩ ላይ የለም። ለጥቂት ጊዜ የእስክሪብቶው ጫፍ ነጥቦቹ አካባቢ ዞር ዞር አለ። ክዳኑን ገጠመችበት።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ ክንዷን ይዞ ነበር። ያልተለመደ ነው። እናቷ ሥራ ላይ ናት፤ ልጅቷ ውኃ አሞቀች፣ ጨው ጨመረችበት፣ ሳፋውን እግሩ ስር አስቀመጠች። እሱ እግሩን አስገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ጆሮው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ተጣብቆ ቀርቷል።

«ሰዎቹስ?» አለ።

«ፈነዱ» የምትለዋ ቃል ምላሷ ላይ ነበረች፤ የለመደች ቃል፣ ሳይጠሯት የምትመጣ። ነገ ደብተሩ አዘጋጁ ጋ ሲደርስ አንድም ኬኩ ይቀራል፣ አንድም ሦስተኛዋ ሙሽራ ራሷ ትቀራለች። ግድግዳውን አየችው። እዚያው ነበር፣ የትም አይሄድም።

ቦርሳዋን ከፈተችና ደብተሩን አወጣች። የዛሬውን ገጽ ገለጠች። ከታች፣ በሰማያዊ፣ አንድ መስመር ጨመረችበት፦ ከአምስተኛው ሳምንት ወዲህ እዚህ ዘፈን ላይ ያሉት ክቦች የእኔ ናቸው።

ከዚያ ደብተሩን ለአዘጋጁ ለመስጠት ወደ ቦርሳዋ አልመለሰችውም። አባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

አባቷ ዓይኑን ገለጠ። ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ። እርጥብ እጁን በሸሚዙ ላይ አደረቀ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከሚያስፈልገው በላይ።

«መነጽሬን አምጪልኝ እስቲ፣ እናቴ» አላት።

አመጣችለት። የሒሳብ ደብተሯን ሳታነሳ ከሳፋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ አንብቦ እስኪጨርስ ጠበቀችው።