አሥራ ዘጠነኛው ሳጥን

«አራት ነው የወጣልሽ አልኩሽ እኮ!» አለ ሹፌሩ፣ ዳይሱን በመዳፉ ሸፍኖ።

«ሦስት ነው። እጅህን አንሳ።»

«አራት!» ብሎ የእህቱን ቀይ የልብስ ቁልፍ ራሱ ገፍቶ ሃያኛው ሳጥን ላይ አስቀመጠላት።

እታለም ግራ ገባት። ወንድሟ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁጥር ድሮ ለይቷል። ማጭበርበሩም አዲስ ነገር አይደለም፤ ድብብቆሽ እንኳ ሳያጭበረብር ተጫውቶ አያውቅም። ግን እስከዛሬ የሚያጭበረብረው ለራሱ ነበር። ቅድምም እሷ አሥራ አራት ላይ ቆማ አምስት ሲወጣላት «ከካርቶኑ ወጥቷል፣ አይቆጠርም!» ብሎ እንደገና አስጥሏታል። ዛሬ ምን ነክቶት ነው ለእሷ የሚቀጥፈው?

ኩፍኝ ከወጣበት አራተኛ ቀኑ ነው። ሐኪሙ ለሳምንት ከቤት እንዳይወጣ ስላዘዘ፣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዞ ሰፈሩን ሲያስጨንቅ የሚውለው ልጅ ሳሎን ውስጥ ታስሯል። ሹፌሩ የተባለውም በዚያ ክዳን የተነሳ ነው። እሷን ደግሞ «እታለም» እያለ ሲጠራት ቤተሰቡ ሁሉ ለመደው። ትምህርት ቤቷ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ላይ ስለሆነና ኩፍኝም በልጅነቷ ስለወጣላት፣ ማስታመሙ እሷ ላይ ወደቀ። ትናንት ሲነጫነጭ ውሎ ራሷን አዞራት። ዛሬ ጠዋት «ና፣ የራሳችንን ጨዋታ እንሥራ» ስትለው ነው ሰላም የሰፈነው።

እናታቸው የምትሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ቤት ውስጥ ካርቶንና የልብስ ቁልፍ ሞልቷል። የአንዱን ካርቶን ክዳን ቆርጠው በማስመሪያ ሠላሳ ሳጥን አሰመሩበት። ዳይሱን እታለም ከላጲስ ቆርጣ ነጥብ ሳለችበት፤ አንድ ጎኑ ስላዘመመ ሁለት ማውጣት ይወዳል። ሕጎቹን ሹፌሩ እየተናገረ እሷ ጻፈች። ሰባት ላይ የቆመ መድኃኒቱን ሳያለቅስ ይጠጣል። አሥራ ሁለት ላይ ጎማ ስለሚፈነዳ አንድ ተራ ያልፈዋል። አሥራ ዘጠኝ ላይ ግን ራሱ አንድ አረንጓዴ ነገር ሳለና ሕጉን አልናገርም አለ።

አሁን እታለም ጣቷን እዚያ አረንጓዴ ነገር ላይ አደረገች። «ይሄ ምንድነው?»

«ሻንጣ።»

«የምን ሻንጣ?»

«እዚያ የቆመ ሰው ሻንጣውን ይዞ አክስቴ ጋ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አይጫወትም።»

«ማነው ይሄን ሕግ ያወጣው?»

ሹፌሩ ክንዱን ማከክ ጀመረ። አትከክ ብላ እጁን ያዘችው።

«እማ ናት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለአክስቴ በስልክ ስትነግራት። እኔ የተኛሁ መስሏታል። ‹ከእረፍቱ በኋላ ልጅቷን ውሰጃት› አለች። ከዚያ ‹እኔ ልነግራት አቃተኝ› አለች።»

«ሌላስ? ለምን እንደሆነ አላለችም?»

«ከዚያማ እውነቴን ተኛሁ።»

እታለም ቀና ብላ ቁም ሣጥኑን አየች። አናቱ ላይ ለዓመታት አቧራ ሲጠጣ የኖረው አረንጓዴ ሻንጣ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ትናንትም አይታው ነበር፤ እናቷ ቤት ስታጸዳ የጠረገችው መስሏት ዝም አለች።

መጀመሪያ ተናደደች። አንድ ሰው እንደ ዕቃ «ውሰጃት» ይባላል? ወዲያው ደግሞ የአክስቷ ሰፈር ትምህርት ቤት ትዝ አላት፤ ቤተ ሙከራው፣ ሁለት ፎቅ ቤተ መጻሕፍቱ። ባለፈው ክረምት ለጥየቃ ሄዳ ስትመለስ «ምናለ እዚያ በተማርኩ!» እያለች እናቷን አድርቃታለች። ታዲያ እማ ምኞቷን ሰምታ ነው ወይስ ሸክም ሆናባት? ደስ ካላት ዓይኗ ለምን ያቃጥላታል? ከከፋት ደግሞ ለምን አሁንም ስለ ቤተ ሙከራው ታስባለች? ምኑን ከምን እንደምታደርገው አላወቀችም።

«እናጥፋው?» አለ ሹፌሩ፣ ከዳይሱ የተረፈውን ላጲስ አንስቶ። «ካጠፋነው አትሄጂም አይደል?»

«እኔ እንጃ» አለችው።

አመሻሽ ላይ እናታቸው ገባች። ጫማዋን እንዳወለቀች ካርቶኑን አየችና «እንዴ፣ እኔን ትታችሁ? በሉ አስገቡኝ!» ብላ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ጥቁር የካፖርት ቁልፍ መረጠችና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሰባት ላይ ስትቆም በባዶ ብርጭቆ መድኃኒት የምትጠጣ መስላ ፊቷን አጨማደደች፤ ሹፌሩ በሳቅ ፈረሰ። እታለምም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ወደ ሻንጣው ሄደ። እንዲህ እየሳቀች ነው ይሄን ሁሉ የደበቀችኝ? አለች በልቧ።

ቀዩ ቁልፍ አሥራ ሰባት ላይ ደረሰ። እታለም ዳይሱን ጣለች። ያ ያዘመመ ላጲስ እንደ ልማዱ ሁለት አወጣ።

«ሦስት!» አለ ሹፌሩ ማንም ሳይቀድመው፣ ቁልፏንም አፈፍ አድርጎ ሃያ ላይ አሳረፈው።

እናታቸው ሳቀች። «አንተ ቀጣፊ! ደግሞ ለእህትህ ማጭበርበር ጀመርክ?»

እታለም ዝም ብትል ጨዋታው ይቀጥላል። ነገም እንዲሁ፤ አንዳቸውም ሳይናገሩ እረፍቱ ያልቃል። እታለም ቀዩን ቁልፍ አነሳችና ወደ አሥራ ሰባት መለሰችው።

«ሁለት ነው» አለች። እየቆጠረች አንድ፣ ሁለት ገፋችውና አረንጓዴው ሻንጣ ላይ አቆመችው።

እናቷ ሥዕሉን አየች። ቀና ብላ ቁም ሣጥኑን፣ ከዚያ ልጇን አየች። ሳቋ ጠፋ። ሹፌሩ የእህቱን እጅጌ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«እማ» አለች እታለም፣ «የዚህን ሳጥን ሕግ እሱ የሚያውቀው ግማሹን ነው። የቀረውን አንቺ ንገሪኝ።»

እናቷ ዳይሱን ከፊታቸው ወደ ዳር አደረገችና ተጠጋቻት። «እሺ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አለች።