ያልደረቀው ጠረጴዛ

ከዚህ በታች የተጻፈው አንዲት ቃል ያልተጨመረበት እውነት ነው። ከዋሸሁ ይህ እስክሪብቶ እጄ ላይ ይድረቅ።

አንድ ወጣት አናጺ ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቹ «አይሳሳቴ» ይሉታል። መላጊያውን ሲያነሣ እንጨቱ ገና ሳይነካ ይለሰልሳል ይባልለት ነበር። ሴት ፊት ግን አንደበቱ ይተሳሰራል፤ አንዲት ነርስ ወደ ሱቁ እስክትገባ ድረስ።

የመጣችው ስለ ቤታቸው ጠረጴዛ ነው። ዘጠኝ ሰው ይበላበታል፣ ልጆች ያጠኑበታል፣ እናቷ ልብስ ይተኩሱበታል፤ ጡረታ የወጡት ሹፌር አባቷ ደግሞ ሲናደዱ በቡጢ ይመቱታል። ይህን ሁሉ እንዲችል ተደርጎ ይታደስልኝ አለች።

«ዝሆን ቢተኛበት አይጫርም» አላት።

«ዝሆን እንኳ የለንም። አባባ ግን አለ» አለችና ሳቀች።

ያቺ ሳቅ ናት ጉድ የሠራችው። አንድ እጅ ቫርኒሽ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ እንደማይደረብ ማንም ጀማሪ ያውቃል። እሱ ግን የእሁድ ምሳ እንድትጋብዘው ብሎ «እሁድ ጠዋት አደርሰዋለሁ» ብሏት ነበርና በሁለት ቀን አምስት እጅ ደራረበበት።

እሁድ ጠረጴዛው እንደ መስታወት አብረቀረቀ። አባትየው ፊታቸውን አዩበትና አናጺውን ከጎናቸው አስቀመጡት። ነርሷ ከማዶ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት።

ከዚያ እናትየው ትኩስ ድስት አስቀመጡ።

ድስቱ ሲነሣ ቫርኒሹም አብሮ ተነሣ። ለምሳ የተቀመጡት አክስቷ ሹራባቸው ከነክርናቸው ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። አባትየው በቡጢ ሊመቱ እጃቸውን ሰነዘሩና፣ እንዳይጣበቁ ፈርተው፣ ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ መለሱት።

አናጺው እስከ ጆሮው ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ነርሷን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ አንገቱን የደፋበት የጠረጴዛው ገጽ ደግሞ የገዛ ፊቱን መልሶ ያሳየዋል።

ግን ጀግና ነውና ብድግ አለ። «አባባ፣ የቸኮልኩት ልጅዎን ለማየት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፤ ቤቱ በሙሉ በእንባ ታጠበ። እዚያው እጅጌውን ሰብስቦ ጠረጴዛውን እስከ ባዶው እንጨት ፋቀ። በየቀኑ እየመጣ ስስ አድርጎ አንድ አንድ እጅ ቀባ፤ እስኪደርቅም ከነርሷ ጋር እያወጋ ጠበቀ። በመጨረሻው እጅ አባትየው ልጃቸውን ዳሩለት።

ይህን የምጽፈው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጭረት አልወጣበትም።

ባለቤቴ ሳህኖች ይዛ መጥታ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«ምንም አላልክም» አለች በቀስታ። «እጄን ልታጠብ ብለህ ወጥተህ በጓሮ በር ሄድክ። የፋቅኩት እኔ ነኝ፤ ከሥራ ስመለስ፣ አሥራ አንድ ቀን። ስስ አድርጌ የቀባሁትም እኔ። ስምህ እንዳይጠፋ ለጎረቤቱ ሁሉ ‹እሱ ነው የሠራው› አልኩ።»

«መጣሁ እኮ» አልኳት።

«በወሩ። አባባ ሱቅህ ድረስ ሄዶ ‹ደርቋል ልጄ፣ ና ምሳ ብላ› ብሎ ሲለምንህ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«በል አሁን ክርንህን አንሣ፤ ምሳ ላቅርብ።»

ክርኔን አነሣሁ።