ያልተጠየቅሁት ስለት

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እንዲያውም ሰው ሲያወራ ከሰማሁ ተነሥቼ የምሄድ ነኝ፣ ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው፣ የሚያውቀኝ ሁሉ «እሱ ፊት እንዲህ ያለ ወሬ አታንሡ፣ ይቆጣል» ይላል፣ እውነት ነው እቆጣለሁ፣ አሁንም የምነግርህ ተቆጥቼ ነው። የደረሰብኝ ነገር የሚያስፈራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፣ ግን ግፍ ነው ወዳጄ፣ ጥርት ያለ ግፍ!

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጣና ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት፣ ዋርካው ሥር ሦስት ሆነን እንጫወታለን። ቁማር እንዳይመስልህ፣ አደራ። ታደለ የሚባል ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛችን ታሪክ ይመራል፣ እኔና ሀያት ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው እንሆናለን፣ እሷ ባለ ጎራዴ፣ እኔ ጠንቋይ፣ ዳይስ፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ እየጣልን ከዘንዶ ጋር እንዋጋለን፣ በቃ ይኸው ነው። በደንቡ መጽሐፍ ውስጥ ከድግምቱ ሁሉ የሚበልጥ አንድ አለ፣ ታደለ «ታላቁ ምኞት» ብሎ ተርጉሞታል፣ እዚያ የደረሰ ተጫዋች አንድ ነገር ይመኛል፣ የተመኘውም በታሪኩ ውስጥ ይሆናል፣ አንዴ ብቻ። እዚያ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አባቴ ደግሞ ደቅ ደሴት ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ልጃቸው ቅዳሜን በጠንቋይነት እንደሚያሳልፍ አያውቁም፣ ቢያውቁ ጉድ ፈልቷል። አምና ስትሮክ መታቸውና ድምፃቸው ጭራሽ ጠፋ፣ እህቴ አልማዝ ወደ ባሕር ዳር አምጥታ ከቤቷ አስቀመጠቻቸው፣ የሚፈልጉትን በደብተር እየጻፉ ያሳዩን ነበር። ስንት ደብር ያስለቀሰ ድምፅ፣ ውሃ ለመጠየቅ እስክሪብቶ ሲፈልግ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ ልነግርህ አልችልም። ያልሄድንበት ሐኪም፣ ያልደረስንበት ጠበል የለም።

እና አንድ ቅዳሜ ምኞቱ ደረሰኝ። ሀያት «በል እንግዲህ፣ ባለፈው የሞተችብኝን ባለ ጎራዴ አስነሣልኝ፣ ወላሂ ሦስት ወር ሙሉ አልወጣልኝም» አለችኝ፣ ታደለ «ዙፋን ተመኝ እንጂ ሞኝ!» ይለኛል፣ ግራ ቀኝ ሲጎትቱኝ ደሜ ፈላ። «እናንተ የወረቀት ሰው ይነሣ ትላላችሁ፣ የእኔ አባት ሥጋና ደም ሆነው አፋቸው ተዘግቶ ተቀምጠዋል!» አልሁና ብድግ ብዬ «ምኞቴ ይኸው፣ የአባቴ ድምፅ ይመለስ!» አልሁ።

ምነው እዚህ ላይ በበቃኝ! ግን በእኛ አገር ባዶ እጁን የሚለምን ማን አለ? የለመነ ሰው ይሳላል፣ ልጅ ብትሰጠኝ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ከሕመሜ ብነሣ ጧፍ አበራለሁ ይላል፣ ከልጅነታችን አፋችን የለመደው ይህን ነው። እኔም አፌ ሮጠና «ይመለስላቸው እንጂ እኔ ዳግመኛ ባልሰማው ግድ የለኝም፣ ስለቴ ነው!» ብዬ ጨመርሁበት። ታደለ በሳቅ ፈረሰ፣ «ደንቡ እኮ ምንም ዋጋ አይጠይቅም፣ ምን አስጨመረህ?» አለኝ። ልብ በል፣ አይጠይቅም!

ዳይሱን ጣልሁት። ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል አየሁት፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ከፊታችን አንድ ሰው በታንኳ ያልፋል፣ መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ ይታየኛል፣ አይሰማም፣ ሀያት ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ ኳ አላለም። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተመለሰ፣ ወፉም ባጃጁም። «ልብ አላችሁ?» ብል፣ «ምኑን?» አሉኝ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ፣ አልማዝ ናት፣ እያለቀሰች «አባዬ ተናገሩ! ስምህን ጠሩ! ቆይ ላገናኝህ!» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁ፣ የጎረቤት እልልታ ይሰማል፣ ዶሮ ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። «ሃሎ! አባዬ! ሃሎ!» እያልሁ ኔትወርኩን ስረግም አልማዝ መልሳ ተቀበለችና «ምነው አትመልስላቸውም?» አለችኝ።

በባጃጅ በረርሁ። ስገባ አባቴ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ያዜማሉ፣ የአንገታቸው ሥር ይነሣል ይወድቃል፣ ቤት የሞላው ሰው ያለቅሳል። ልቅሶው ይሰማኛል፣ የመዳፋቸው ምት ይሰማኛል፣ የእሳቸው ድምፅ የለም! እመነኝ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል አፋቸው ከጆሮዬ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር፣ ትንፋሻቸው ጉንጬን ያሞቀኛል፣ ቃል ግን አልመጣልኝም።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፣ ጆሮህ ከእኔ ይሻላል አለኝ። ዜማቸውን በስልኬ ቀድቼ ለሀያት አሰማኋት፣ ግእዙን እንኳ ሳታውቀው እንባዋ ወረደ፣ እኔ የሰማሁት የአልጋውን ሲጥሲጥታ ነው። ታደለ ፊቱ አመድ መስሎ «ሌላ ምኞት ልስጥህ፣ ስለቱን አፍርሰው» ይለኛል፣ እኔስ አበድሁ? ስለቱን ሳፈርስ ድምፃቸው አብሮ ቢሄድ ማን ሊጠየቅልኝ ነው? ለአባቴም አልነግራቸውም፣ ድምፅዎ የተመለሰው በዳይስና በድግምት ነው ብላቸው፣ አውቃቸዋለሁ፣ አፋቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ዘግተው ይሞታሉ። ስለዚህ እንደሚሰማ ሰው ሆኜ ተቀመጥሁ፣ ፊታቸውን እያየሁ «እሺ» እላለሁ፣ «ተመስገን» እላለሁ። ደግሞ ማንን ልክሰስ? በጨዋታ የተናገርሁትን ማን ነው ከአፌ ለቅሞ የወሰደው? ማንስ ጠየቀኝ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ በረንዳው ላይ ጠሩኝ። እጄን ያዙና ብዙ ተናገሩ፣ ቀስ ብለው፣ እያረፉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሲጨርሱ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፣ መልስ ይጠብቃሉ። ልመና መሰለኝና «እሺ አባዬ፣ እንዳሉ ይሁን» አልኋቸው። እጄን ለቀቁኝ፣ ተነሥተው ገቡ። አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ «እንዴት እሺ ትላቸዋለህ?» አለችኝ፣ «ምን አሉኝ?» ስላት «በዚህ ነገር ታሾፋለህ? አታፍርም!» ብላ በሩን ዘጋችብኝ፣ እስካሁንም ስልኬን አታነሣም።

እኔ ግን በየቀኑ እሷ ከቤት ስትወጣ እየሄድሁ አባቴን እጠይቃቸዋለሁ። መጻሕፍታቸውን እንደ መንገደኛ አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለሉ ነው፣ ባዩኝ ቁጥር ቀና ብለው አንድ ነገር ይሉኛል፣ አጭር ነው፣ ከከንፈራቸው እንደማየው ሁልጊዜ ያው ነው፣ እኔም አሜን እላቸዋለሁ።